በሃይማኖት ትምህርት ቤቶች የማኅበራዊ ሚዲያ ጥፋትና የተማሪዎች ቅጣት

በሃይማኖት ተቋማት የሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸው በፌስቡክ፣ በቲክቶክ፣ በቴሌግራምና በመሳሰሉት ለሚፈጽሙት ጥፋት የሚሰጡት ቅጣት ከሌሎች ትምህርት ቤቶች በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ወላጅ ልጁን ሲያስመዘግብ የሚፈርመው የሥነ ምግባር ደንብ ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ግቢ አልፎ የልጁን አኗኗር በሙሉ ይመለከታል። ሁለተኛ፣ ጥፋቱ የሚመዘነው የመማር ማስተማሩን ሥራ በማወኩ ብቻ ሳይሆን በእምነቱ ትምህርትም ጭምር ነው።

የሥልጣኑ ስፋት በአሜሪካ ሕግ ጎልቶ ይታያል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1969 በቲንከር ጉዳይ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የመናገር መብት እንዳላቸው ወስኗል። በ2021 ደግሞ በማሃኖይ ጉዳይ፣ ከትምህርት ቤት ውጭ ሆና በስናፕቻት የብስጭት ስድብ የለጠፈች ተማሪ ከትምህርት ቤቱ የስፖርት ጨዋታ አድማቂ (ቺርሊዲንግ) ቡድን መታገዷ ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ በ8 ለ1 ድምፅ ፈርዷል፤ ሆኖም ከባድ ጥቃትንና ዛቻን በተመለከተ ትምህርት ቤቶች ከግቢ ውጭም ጣልቃ ሊገቡ እንደሚችሉ አልካደም። እነዚህ ውሳኔዎች የሚያስሩት ግን የመንግሥትን ትምህርት ቤት ነው። የግል የሃይማኖት ትምህርት ቤት በዋናነት የሚመራው ከወላጅ ጋር በገባው ውል ስለሆነ፣ ከውጭ የማይጣልበትን ገደብ በራሱ ደንብ ላይ ሊያኖር ይገባዋል።

ደንቡ ጥፋቶችን መለየት አለበት። ዛቻ፣ የጓደኛን ክብር የሚነካ ተደጋጋሚ ማዋረድ ወይም የእርቃን ምስል ማሰራጨት ተጎጂ ያለባቸው ድርጊቶች ናቸው፤ አስቸኳይ እርምጃ፣ አንዳንዴም ለሕግ አካል ማሳወቅን ይጠይቃሉ። በመምህር ላይ መቀለድ ከእነዚህ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ከሁሉ የሚያስጨንቀው ግን ስለ እምነቱ ጥርጣሬውን ወይም ጥያቄውን የጻፈ ተማሪ ጉዳይ ነው። ይህን እንደ ነውር ቆጥሮ መቅጣት ልጁ ጥያቄውን ከመምህሩ ደብቆ ለማያውቃቸው ሰዎች ብቻ እንዲያቀርብ ያስተምረዋል፤ ስለዚህ ጥያቄው መልስ እንጂ ቅጣት አያሻውም።

ሥርዓቱን ለማበጀት ትምህርት ቤቶቹ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ የየራሳቸው ቅርስ በቂ መሠረት አለው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 መሠረት የበደለው ወንድም መጀመሪያ ለብቻው ይወቀሳል፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ይጨመራሉ፣ ጉዳዩ ወደ ጉባኤ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቅዱስ ቤኔዲክቶስ የገዳም ሥርዓትም ጥፋተኛው ሁለት ጊዜ በስውር እንዲመከር፣ በአደባባይ የሚገሠጸው ከዚያ ወዲያ እንዲሆን ያዛል። በአይሁድ የሃይማኖት ሕግና ትርጓሜ መጽሐፍ በታልሙድ ሰውን በሕዝብ ፊት ማሳፈር ከደም ማፍሰስ ጋር ይነጻጸራል። የቁርኣን 49ኛው ምዕራፍ ደግሞ የመጣን ወሬ ማረጋገጥን ያዝዛል፣ የሰውን ነውር መሰለልንም ይከለክላል። ይህን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተማሪውን በጠዋት ሰልፍ ፊት አቁሞ የለጠፈውን ቢያነብበት ከራሱ ትምህርት ጋር ይጋጫል፤ የተማሪን የግል ስልክ ያለ በቂ ምክንያት መበርበርም እንዲሁ ነው።

ማስረጃን በተመለከተ፣ ስክሪንሾት ብቻውን ሊታመን አይገባም፤ በቀላሉ ይቀነባበራል፣ ሐሰተኛ አካውንትም በሌላ ተማሪ ስም ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 ሕፃኑ በሚመለከተው ጉዳይ እንዲሰማ፣ በአንቀጽ 28 ደግሞ የትምህርት ቤት ቅጣት ሰብአዊ ክብሩን የጠበቀ እንዲሆን ይደነግጋል። ስለዚህ ተማሪው ክሱን ማወቅ፣ ከወላጁ ጋር ቀርቦ መናገርና ከቀጪው ለተለየ አካል ይግባኝ ማለት መቻል አለበት።

ቅጣቱ ራሱ ከጥፋቱ ጋር ይዛመድ። ጽሑፉን ማንሳት፣ ተጎጂው ፈቃደኛ ከሆነ በቀጥታ ይቅርታ መጠየቅ፣ ከኃላፊነት ለጊዜው መነሣትና ለተወሰኑ ቀናት ከትምህርት ገበታ መታገድ በየደረጃቸው ይመጣሉ። ጸሎትን ወይም የቅዱስ መጽሐፍ ንባብን ቅጣት ማድረግ ግን መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ ልጁ እንዲወደው የሚፈለገውን ነገር ከኀፍረት ጋር ያቆራኝበታል። ማሰናበት የመጨረሻው እርምጃ የሚሆነው ደግሞ ተማሪው ከክፍል ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ ከሚያመልክበት ማኅበረሰብም ተገፍቶ ሊወጣ ስለሚችል ነው። ሌሎችን ለመጠበቅ ማሰናበት ግድ ቢሆን እንኳ ውሳኔው ለወላጅ በጽሑፍ ይሰጣል፤ የተማሪው ስምና ጥፋት በትምህርት ቤቱ ገጽ ላይ አይለጠፍም።