የመኪና ራዳር ጨረር ሲዞር ምኑ ነው የሚዞረው?

ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ሾፌር ረጅም መብራት ቢያበራ ነጭ ግድግዳ ነው የሚያየው። የአዳዲስ መኪኖች 77 ጊጋኸርዝ ራዳር ግን የሬዲዮ ሞገድ በጨረር መልክ ልኮ ነጥሮ የሚመለሰውን እየተቀበለ ጉሙን አልፎ ያያል። «ጨረሩን ያዞራል» ሲባል የሚሽከረከር ሳህን የሚፈልግ ብዙ ነው፤ የለም። ያሉት በ2 ሚሊሜትር ገደማ ርቀት የተደረደሩ ደቃቃ አንቴናዎች ናቸው።

የመንዝን አውድማ አስቡ፦ በሬዎች ገብስ ሲያበራዩ የውስጡ ያዘግማል፣ የዳሩ ይፈጥናል፤ ሰልፉም ወደ ዘገምተኛው ይታጠፋል። አንቴናዎቹም ሞገዱን በተራ፣ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ በጥቂቱ ዘግይቶ ሲለቁ ጨረሩ ወደ ዘገየው ወገን ያጋድላል። ሳህን አንድ ዙር በሰከንዶች ሲጨርስ፣ ይህ በማይክሮሰከንዶች አቅጣጫ ይቀይራል። ብዙ የመኪና ራዳሮች እንዲያውም መዘግየቱን የሚያሰሉት ሞገዱ ነጥሮ ከተመለሰ በኋላ ነው።