በጎ ፈቃደኞች በሙዚየም፦ የቺካጎው ጉዳይ

አሜሪካ ውስጥ ሙዚየም ገብታችሁ ሥዕሉን የሚያብራራላችሁ ሰው ደመወዝ ላይከፈለው ይችላል። ብዙዎቹ ሙዚየሞች ያለ በጎ ፈቃደኛ አይሆንላቸውም። እንግዳ ይቀበላሉ፣ ተማሪ ያስጎበኛሉ፣ ዕቃ ይመዘግባሉ። ብዙ ሙዚየሞችን የሚያስተዳድረው የአሜሪካው ተቋም ስሚዝሶኒያንማ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የድሮ የእጅ ጽሑፎችን ኢንተርኔት ላይ ለቆ፣ የፈለገ ሰው ቤቱ ሆኖ በታይፕ እንዲገለብጥለት አድርጓል።

ታዲያ ሰው በነፃ ይሠራል ማለት ሥራው ወጪ የለውም ማለት አይደለም። የሚመለምል፣ የሚያሠለጥን፣ ፈረቃ የሚያወጣ፣ ቅሬታ የሚሰማ ደመወዝተኛ ሠራተኛ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የሚሰስት ሙዚየም ብዙ ሳይቆይ ሰዎቹን ያጣቸዋል።

የቺካጎ የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ አርት ኢንስቲትዩት የሚባለው፣ ጥሩ ማሳያ ነው። የበጎ ፈቃደኛ አስጎብኚዎች ፕሮግራሙ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ሥልጠናው ቀላል አልነበረም፤ በሳምንት ሁለት ቀን ለ18 ወራት ከተማሩ በኋላ ደግሞ ለዓመታት ማጥናትና መጻፍ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ግን ከ80 በላይ የሚሆኑት አስጎብኚዎች ፕሮግራሙ እንዳበቃ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሳቸው። ሙዚየሙ የሁለት ዓመት ነፃ አባልነት ሰጥቶ አሰናበታቸው፤ ወደፊት የሚያስጎበኙት ተከፋይ ባለሙያዎች እንደሚሆኑም አሳወቀ። አብዛኞቹ አስጎብኚዎች በዕድሜ የገፉ፣ ኑሯቸው የተደላደለ ነጭ ሴቶች ነበሩ፤ ሙዚየሙ የፈለገው ደግሞ የከተማውን ሕዝብ የሚመስል ቡድን ነው።

ችግሩ እውነተኛ ነው። በሥራ ቀን፣ ያለ ክፍያ፣ ለ18 ወራት መመላለስ የሚችል ማን ነው? ጡረታ የወጣ ወይም የገንዘብ ሐሳብ የሌለበት ሰው ነው። ልጅ የምታሳድግ ሠራተኛ ሥነ ጥበብን የቱንም ያህል ብትወድ አትችልም። ሰዎቹን የመረጠው ፕሮግራሙ ራሱ ነው ማለት ነው። ለዓመታት ያገለገለን ሰው በደብዳቤ ማሰናበት ግን ልክ አይመስለኝም፤ እነዚህ ሴቶች የያዙት ዕውቀት በአንድ ቀን የሚተካ አይደለም።

የሚሻለው በሩን ማስፋት ነው። የቅዳሜና የእሑድ ፈረቃ፣ አጠር ያለ ሥልጠና፣ በእንግሊዝ እንደተለመደው ለትራንስፖርት የወጣውን መመለስ። የሥራ ድርሻውም ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይቀመጥ፣ በጎ ፈቃደኛው የተቀጣሪን እንጀራ እንዳይነጥቅ። የአገልግሎት ዘመኑም ገደብ ይኑረው፣ በየሁለት ዓመቱ እየታየ የሚታደስ፤ ያኔ ነባሩ ሳይገፋ አዲስ ሰው መግቢያ ያገኛል።