በመልበሪ ዛፍ ላይ «አዲስ የተመዘገበ ዋግ» ሲባል ምን ማለት ነው?

«በእገሌ አገር በመልበሪ ዛፍ ላይ ዋግ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመዘገበ።» እንዲህ ያለ ነገር ስታነቡ ምን ይመጣባችኋል? ብዙ ሰው አዲስ በሽታ የተፈጠረ ይመስለዋል። ወይም ባለፈው ሳምንት በአውሮፕላን ተሳፍሮ የገባ። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም አይደለም።

አዲስ ምዝገባ ማለት አንድ ሰው ቅጠሉን ቆርጦ፣ በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ ስሙን አጣርቶ፣ ናሙናውን አድርቆ አስቀምጦ፣ «ይህ ፈንገስ በዚህ ተክል ላይ፣ በዚህ ቦታ አለ» ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ መሰከረ ማለት ነው። በቃ። ፈንገሱ ራሱ እዚያ ሃያ ዓመት ኖሮ ሊሆን ይችላል፣ ቅጠሉን ገልብጦ ያየው ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ። አዲስ ዝርያ መገኘት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ያ ሳይንስ ጭራሽ የማያውቀውን ፈንገስ ስም መስጠት ነው። አዲስ ምዝገባ ላይ ግን ፈንገሱ ሌላ ቦታ የታወቀ ነው፣ አዲሱ ነገር አድራሻው ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ወገብ የሚቆርጠው ስራ «ስሙን አጣርቶ» ያልኩት ነው። መልበሪ ላይ ደግሞ ይብሳል።

መልበሪ የሐር ትል የሚበላው ዛፍ ነው። እኛ አገር እንጆሪ የሚሉት አሉ፣ ግን እንጆሪ የምንለው ነገር በዛ። መሬት ለመሬት የሚበቅለውም እንጆሪ፣ ከእሾሃማ ቁጥቋጦ የሚለቀመውም እንጆሪ። ስለዚህ እዚህ መልበሪ እያልኩ እቀጥላለሁ። መልካሳ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ለሐር ልማት ሲል ከሚሰራባቸው ተክሎች አንዱ ነው። የሾላ፣ የዋርካና የበለስ ዘመድም ነው (የቁልቋሉን በለስ አይደለም፣ ዛፉን ማለቴ ነው)፤ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ይህቺን ዝምድና ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ ጣጣ ታመጣለች።

ዋግን ማስተዋወቅ ያለብኝ አይመስለኝም። ስንዴ የሚያርስ ዘመድ ያለው ሰው ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ምን እንዳደረገው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ የግንድ ዋግ ዲጋሉ በተባለው ሌላ የስንዴ ዝርያ ላይ እንዴት እንደዞረበት አርሲና ባሌ ጠይቁ። የታመመውን ቅጠል ስትነኩት ጣታችሁ ላይ ዝገት የመሰለ ዱቄት ይቀራል። ያ ዱቄት ስፖር ነው፣ የፈንገሱ ዘር በሉት።

ዋግ አንድ ፈንገስ አይደለም። በዓለም ላይ ከ7,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። እና ሁሉም ምግብ መራጮች ናቸው፣ የስንዴው ዋግ መልበሪ ቢሰጡት አይነካም። ደግሞ ሕይወት ያለው ተክል ካልሆነ አይበሉም። ሌላውን ፈንገስ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ትዘሩታላችሁ፣ ያድጋል፣ ታዩታላችሁ። ዋግን እንደዚያ ማድረግ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ አጥኚው ያለው ቅጠሉ ላይ ያለው ብቻ ነው።

ሌላም አለ። አንድ ዋግ በሕይወቱ እስከ አምስት ዓይነት ስፖር ሊያወጣ ይችላል፣ አንዱ ከሌላው ጋር ጭራሽ የማይመሳሰል። አንዳንዱ ደግሞ ግማሽ ዕድሜውን አንድ ተክል ላይ፣ ግማሹን ምንም የማይዛመደው ሌላ ተክል ላይ ይጨርሳል። የስንዴ ግንድ ዋግ እንደዚያ ነው፣ ስንዴ ላይ አንድ መልክ፣ ባርበሪ የሚባል እሾሃማ ቁጥቋጦ ላይ ሌላ መልክ አለው። ሰዎች ለረጅም ጊዜ ሁለት የተለያዩ ፈንገሶች ናቸው ብለው ሁለት ስም ሰጥተዋቸው ነበር። ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ እ.ኤ.አ. በ1865 ገደማ ከአንዱ ወስዶ ሌላውን በክሎ አንድ መሆናቸውን እስኪያሳይ ድረስ። አንድ ሰው በሁለት ቀበሌ ሁለት መታወቂያ አውጥቶ እንደመኖር ነው።

አሁን ወደ መልበሪው። ቅጠሉ ላይ ሁለት ዓይነት ነገር ልታዩ ትችላላችሁ።

አንደኛው ደማቅ ነው። ብርቱካንማ፣ ጽዋ የመሰሉ ጥቃቅን ነገሮች በቅጠሉ፣ በቅጠሉ አንገትና በለጋው ቀንበጥ ላይ ይወጣሉ፣ ቀንበጡ ያብጣል፣ ይጣመማል፣ ቅጠሉ ይኮማተራል። ይህ ኤሲዲየም ሞሪ ይባላል። ሲምላ፣ ሂማላያ ተራራ ላይ ይኖር የነበረ አርተር ባርክሌይ የሚባል ሐኪም ነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የገለጸው። በህንድ፣ በቻይና፣ በጃፓን ይታወቃል። ቻይናዎቹ ከስሞቹ አንዱን «የወርቅ መልበሪ» ብለውታል፣ ቅጠሉን ወርቅ የነሰነሱበት ስለሚያስመስለው። ስሙ ያምራል፣ ለሐር አርቢው ግን ወርቅነቱ አይታየውም።

«ኤሲዲየም» የሚለው ግን እውነተኛ የአባት ስም አይደለም። ጽዋ መሳዩ የሕይወት ምዕራፍ ብቻ ሲታወቅና የቀረው ሲጠፋ የሚለጠፍ ጊዜያዊ ስም ነው። ጊዜያዊው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። በብዙ ሌሎች ዋጎች ከጽዋው የሚወጣው ስፖር ወደ ሌላ ተክል ነው የሚሄደው፣ የመልበሪው ግን ተመልሶ ያንኑ መልበሪ ይበክላል። («ሞሪ» የሚለው «የመልበሪ» ማለት ብቻ ነው። የሐር ትሉም ሳይንሳዊ ስሙ ቦምቢክስ ሞሪ ነው። ስለዚህ ሞሪ የሚል ባያችሁ ቁጥር አትደንግጡ።)

ሁለተኛው መልክ ደብዘዝ ያለ ነው። ከላይ ቢጫ ነጠብጣብ፣ ቅጠሉን ስትገለብጡት ቡናማ፣ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ብጉሮች። የሚያጠቃው ይበልጥ የበሰለውን ቅጠል ነው። ቅጠሉ ቢጫ ይሆንና ያለጊዜው ይረግፋል። ዝምድናዋ ጣጣ የምታመጣው እዚህ ላይ ነው። በለስ ዛፍ ላይ ሴሮቴሊየም ፊሲ የሚባል በዓለም የተሰራጨ ዋግ አለ። ቡናማ ነው፣ ከቅጠል ስር ይወጣል። መልበሪና በለስ ዘመዳሞች ናቸው። እንግዲህ መልበሪ ላይ ቡናማ ዋግ ያየ ሰው ሁሉ «ያው የበለሱ ነው» ብሎ ቢጽፍ ይፈረድበታል?

በህንድ ካርናታካ የሆነው ይህ ነው። ካርናታካ የህንድ ሐር ትልቁ ክፍል የሚመረትበት ግዛት ነው፣ በሐሩ የታወቀው ማይሶር ከተማ ያለው እዚያ ነው። የመልበሪያቸው ቅጠል ዋግ ለረጅም ጊዜ ሴሮቴሊየም ፊሲ እየተባለ ተጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1993 ግን የህንድ ተመራማሪዎች አገላብጠው አይተው የለም፣ ይህ ፔሪዲዮፕሶራ ሞሪ ነው አሉ። ዛፉም ያው፣ ብጉሩም ያው፣ ስሙ ግን ሌላ። ከዚያ ወዲህ የወጡ ጽሑፎች አንዳንዱ የድሮውን፣ አንዳንዱ አዲሱን ስም ይጠቀማሉ። አሁን ሌላ አገር ያለ ሰው መልበሪው ላይ ቡናማ ዋግ አግኝቶ «ለአገራችን አዲስ ነው» ሊል ሲነሳ፣ በየትኛው ስም ፈልጎ ነው አዲስ ነው የሚለው? በአንዱ ስም ፈልጎ ቢያጣው በሌላው ስም ከብዙ ዓመት በፊት ተመዝግቦ ቁጭ ብሎ ሊያገኘው ይችላል። የምዝገባ ስራ ግማሹ የድሮ ወረቀት ማገላበጥ ነው ብል አላጋነንኩም።

እሺ፣ በእጅ የሚሰራው ስራስ እንዴት ነው? መጀመሪያ ዛፉን ራሱን መለየት። ይህ የሚያስቅ ይመስላል፣ ግን ዋግ ምግብ መራጭ ስለሆነ አጥኚው ፍለጋውን የሚጀምረው ከተክሉ ነው። የወረቀት መልበሪ የሚባል ሌላ ዛፍ አለ፣ ቅጠሉ ያሳስታል። ዛፉን ከሳታችሁ ፈንገሱንም ትስታላችሁ።

ከዚያ ዋግ መሆኑን ማረጋገጥ። ከቅጠሉ ስር ነጭ ዱቄት የተነፋ ከመሰለ ዋግ አይደለም፣ መልበሪ ላይ በጣም የተለመደ ሌላ ፈንገስ ነው። የደረቀ ክብ ቡናማ ቁስል ሆኖ መሃሉ ከተበሳም ሌላ ነው። ዋግ ቆዳውን ቀዶ ይወጣል፣ ሲነኩት ጣት ያቀልማል።

ቀጥሎ ማይክሮስኮፕ። በመርፌ ጫፍ ትንሽ ዱቄት ተጭሮ በውሃ ጠብታ ውስጥ መስታወት ላይ ይደረጋል። አንዱ ስፖር የራስ ፀጉር ውፍረት ሲሶ ቢሆን ነው። አጥኚው አንዱን ለክቶ አይተውም፣ ሠላሳ ሃምሳ ይለካል፣ ትንሹን ትልቁን ይመዘግባል። ላዩ እሾህ አለው ወይስ ጉብጉብ? ስፖሮቹ በሰንሰለት ነው የሚወጡት ወይስ እያንዳንዱ በየራሱ ዘንግ ላይ? ብጉሩን ዙሪያውን የሚከብበው ምንድን ነው፣ ግድግዳ ነው ወይስ የተጎበጡ ክሮች? ሴሮቴሊየምና ኤሲዲየም የሚለያዩት በእነዚህ ነው።

ችግሩ፣ የዋግ ወገን (የአባት ስሙ በሉት) ከምንም በላይ የሚታወቀው በመጨረሻው ስፖር ነው፣ ክፉውን ወቅት ለማለፍ በሚሰራው። ይህ ደግሞ ሞቃት አገር ብዙ ጊዜ አይገኝም። ለምን ይገኝ? ቅጠል ዓመቱን ሙሉ ካለ ፈንገሱ ያንኑ ዱቄት እያወጣ ይኖራል፣ ክፉ ቀን አላየ። ስለዚህ አጥኚው ወደዚያው ዛፍ በተለያየ ወቅት ይመላለሳል፣ ያረጀ፣ ሊረግፍ የደረሰ ቅጠል ይለቅማል። አንዳንዴም ባዶ እጁን ይመለሳል።

በመልክ ብቻ መፍረድ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት አውስትራሊያን አስታውሱ። የባሕር ዛፍን ቤተሰብ የሚያጠቃ ዋግ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2010 ኒው ሳውዝ ዌልስ ላይ ተገኘ። ስፖሩ አንድ ጎኑ መላጣ ነበር፣ እሾህ የሌለው። በዚያ መላጣ ምክንያት ዩሬዶ ራንጌሊ ብለው መዘገቡት። በኋላ የመጨረሻው ስፖር ተገኘ፣ ዲኤንኤውም ታየ፣ ከደቡብ አሜሪካ ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው የጉዋቫ ዋግ ሆኖ አረፈ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ እንደገና ወገኑ ተቀይሮ አውስትሮፑክሲኒያ ተባለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ፈንገሱ በጫካው ውስጥ ስራውን ቀጥሏል።

«ታዲያ ዲኤንኤውን አይተው አይገላገሉም?» ይባላል። ዲኤንኤ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን አስማት አይደለም። ከዱቄቱ ዲኤንኤ ይወጣል፣ አንድ የተመረጠ ቁራጭ ፒሲአር በሚባል የላቦራቶሪ ዘዴ ይባዛል፣ ፊደሉ ይነበባል፣ ከዚያ በዓለም አቀፍ ቋት ውስጥ ካሉት ጋር ይነጻጸራል። ቋቱ ውስጥ ያለው ደግሞ ሰዎች ያስገቡት ነው። አንዱ በስህተት ስም ካስገባ እናንተም ያንኑ ስህተት ትወርሳላችሁ። ለንጽጽር የሚሆነው ከናካቴው ካልገባም «የቅርብ ዘመዱ ይህ ነው» ከሚል መልስ በላይ አታገኙም። ሌላም ወጥመድ አለ። የዋግ ብጉርን ራሱን የሚበላ ፈንገስ አለ፣ ስፌሬሎፕሲስ የሚባል፣ ብጉሩ ውስጥ እንደ ጥቁር ነጥብ ይታያል። እሱ ተቀላቅሎ ከሆነ የምታነቡት የሌባውን መታወቂያ ነው፣ የባለቤቱን አይደለም።

ለዚህ ነው ጠንቃቃ አጥኚ መልኩን፣ ዲኤንኤውንና ብከላውን አንድ ላይ የሚፈልገው። ብከላ ማለት ዱቄቱን በውሃ በጥብጦ በጤነኛ የመልበሪ ችግኝ ላይ መርጨት፣ ላስቲክ አልብሶ አንድ ቀን እርጥበት ውስጥ ማቆየት፣ ከዚያ ያው ብጉር እስኪወጣ መጠበቅ ነው። ጎን ለጎን የበለስ ችግኝ ቢያስቀምጥና እሱንም ቢረጨው ደግሞ እሰየው፣ ከየትኛው ስም ጋር እንደሚሄድ ተጨማሪ ምስክር ያገኛል።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለአንድ ስም? ለሐር አርቢ አዎ። በዋግ የተጎዳ ቅጠል የበላ ትል ደካማ ነው፣ የሚያደወረው ሐርም ይቀንሳል። መድኃኒት ልርጭ ቢል ትሉ የሚበላው ያንኑ የተረጨውን ቅጠል ነው፣ ስለዚህ እንደ ስንዴ ማሳ ዝም ብሎ አይረጭም፣ ርጭቱ ካለቀ በኋላም የሚጠበቅ ቀን አለ። ብርቱካንማው ከሆነ ፈንገሱ ቀንበጡ ውስጥ ስለሚያድር የታመመውን ቀንበጥ ቆርጦ ማቃጠል ይጠቅመዋል። ቡናማው ከሆነ ግን የሚያዋጣው ዛፎቹን አራርቆ መትከልና ቅጠሉ ሳያረጅ በጊዜ መልቀም ነው። ጓሮ ያለው በለስ ይነቀል ወይስ ይተው የሚለው ጥያቄ እንኳ መልሱ በስሙ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

እናንተም መልበሪ ካላችሁና ከቅጠሉ ስር የሚያቀልም ነገር ካገኛችሁ፣ ቅጠሉን ከላይም ከታችም ፎቶ አንሱ። አንድ ትንሽ ቅርንጫፍ፣ ከተገኘም ከነፍሬው፣ በጋዜጣ መሃል አድርጋችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት፣ ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ አጠገቡ በለስ ወይም ሾላ እንዳለ ጻፉ። ከዚያ አቅራቢያችሁ ላለ የዕፀዋት ጥበቃ ባለሙያ ውሰዱት። ፌስታል ውስጥ ብቻ እንዳትከቱት፣ ይሻግታል፣ ባለሙያውም የሚለይላችሁ የፌስታሉን ሻጋታ ይሆናል።