ዋይት ሌብል ምንድን ነው?

ዋይት ሌብል የሚባለው መሃሉ ላይ የሚለጠፈው ክብ ወረቀት ምንም ያልታተመበት ሸክላ ነው። የሠሪው ስም የለም፣ ርዕስ የለም፤ ቢበዛ በጎማ ማኅተም የተመታ ቁጥር ይኖረዋል።

ነጩ ወረቀት የመጣው ከፋብሪካ ነው። ሸክላ በብዛት ከመታተሙ በፊት ለሙከራ ከ5 እስከ 10 ቅጂ ይወጣል፤ ለዚያ ደግሞ ማንም ባለቀለም ወረቀት አያሳትምም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የለንደን የጃንግልና የጋራዥ (የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ስልቶች) ፕሮዲውሰሮች ይህንኑ ለሽያጭ አዋሉት። ጥቂት መቶ ቅጂ አሳትመው፣ በመኪና ጭነው፣ ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ ያስረክቡ ነበር። በርሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1989 የተከፈተው ሃርድ ዋክስ ሱቅም እንዲህ በእጅ ማኅተም በተመቱ ሸክላዎች ይታወቃል። ስም የሌለውን ሸክላ ዲጄው ሳያዳምጥ ሊንቀውም ሊያደንቀውም አይችልም፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ፍርድ የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ላከር (ለስላሳ ቫርኒሽ) በተቀባ የአሉሚኒየም ዲስክ ላይ ቆራጩ ባለሙያ ድምፁን እንደ ቀጭን ቦይ ይቀርጸዋል። ዲስኩ ብር ይረጭበታል፣ ከዚያ በኒኬል ይለበጣል፤ ከኒኬሉ የሚወጣው ቅርጽ ትኩሱን ፒቪሲ (ፕላስቲክ) ተጭኖ ሸክላ ያደርገዋል። ለቆረጣውና ለልባጩ የሚከፈለው ለ100ም ለ500ም ቅጂ አንድ ስለሆነ፣ ከ300 በታች ሲታተም የአንዱ ዋጋ በጣም ይወደዳል።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ግን ፋብሪካ ሳይደርስ ነው። ለኢንተርኔት ተብሎ በሊሚተር (የድምፁን ጫፍ ገድቦ ሁሉንም በሚያስጮህ መሣሪያ) የተጨመቀ ፋይል ሸክላ ላይ ጮክ አይልም፤ ቆራጩ መጠኑን ለመቀነስ ይገደዳል። ባለ 24 ቢት ዌቭ (ያልታመቀ የድምፅ ፋይል) ያለ ሊሚተር፣ ከድምፁ ጣሪያ በታች ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ክፍት ትቶ መላክ ነው። ከ150 ኸርዝ በታች ያለው ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ) ሞኖ፣ ማለትም በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት ይሁን። ግራና ቀኙ የተለያየ ቤዝ ቦዩን ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚያወዛውዘው መርፌው ይዘላል። ሹል ሃይ ሃት (የድራም ጥንድ ሳህን ድምፅ) ደግሞ ይሻክራል፤ በተለይ ወደ መሃል ሲጠጋ፣ ምክንያቱም እዚያ በአንድ ዙር መርፌው የሚሄድበት ርቀት ያንሳል። ስለዚህ ደማቁን ሙዚቃ ከጠርዙ ያስጀምሩት። በባለ 12 ኢንች ሸክላ፣ በደቂቃ 45 ዙር፣ አንዱ ገጽ ከ10 ደቂቃ ባያልፍ ድምፁ ሙሉ ይሆናል።

የሙከራው ቅጂ ሲደርስ ሁለቱንም ገጽ እስከ መጨረሻው፣ በሄድፎን፣ ቢያንስ በሁለት ማጫወቻ ይስሙ። አንድ «ጠቅ» የሚል ድምፅ በሁሉም ቅጂ ላይ እዚያው ቦታ ከተሰማ ችግሩ ከላከሩ ወይም ከኒኬሉ ነው፤ እንደገና ይሠራ ብሎ መመለስ ይገባል። በአንዱ ብቻ ከሆነ የዚያ ቅጂ ጉድለት ነው። ረጅም የሲንት (የኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ) ድምፅ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ካለ የመሃሉ ቀዳዳ ከቦታው ወጥቷል።

በመጨረሻም ወረቀቱ ነጭ ቢሆንም በእሱና በመጨረሻው ቦይ መካከል ባለው ባዶ ቀለበት ላይ ቁጥር ይጫራል። ፋብሪካው ሸክላውን የሚለየው በዚያ ነው። ስሙ እንዳይታወቅ የሚፈልግ ፕሮዲውሰር ቁጥር እንጂ ስም እንዳይጫርበት ለቆራጩ አስቀድሞ መንገር አለበት፤ አንዴ ኒኬል ላይ ካረፈ አይፋቅም።