ስለ እስልምና ለውጥ አራማጆችና ለዘብተኞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ ከዚራ ሻይ ላይም ሆነ ሐረር ጁገል በርጫ ላይ ወሬው ወደ ሃይማኖት ሲዞር «ለውጥ» እና «ለዘብተኝነት» የሚሉት ሁለት ቃላት ተያይዘው ይነሳሉ። አብዛኛው ሰው አንድ ነገር አድርጎ ነው የሚወስዳቸው። ብዙው መደናገር የሚመነጨው ከዚሁ ስለሆነ ከእሱ እንጀምራለን።

«ለውጥ ፈላጊው ለዘብተኛ ነው፤ ነባሩ ደግሞ አክራሪ።»

በእስልምና ታሪክ «ኢስላህ» (ማስተካከል፣ ለውጥ) ብሎ የተነሳ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አልሄደም። በዐረቢያ ነጅድ የተነሱት ሙሐመድ ኢብን ዐብዱልወሃብ (እ.ኤ.አ. 1703–1792) ሃይማኖቱን ከባዕድ ጭማሪ እናጠራለን ነበር የሚሉት። ተከታዮቻቸው ይህንን ኢስላህ ይሉታል። ግብፃዊው ሙሐመድ ዐብዱህ (1849–1905) ደግሞ ትምህርቱም ሕጉም ከዘመኑ ጋር ይራመድ ብለው ተከራከሩ፤ እሱም ኢስላህ ተብሏል። የዐብዱህ የቅርብ ተማሪ ረሺድ ሪዳ በስተኋላ የነጅዶቹ ደጋፊ ሆነው አረፉ። ከአንድ መምህር ቤት ሁለቱም መንገድ ወጥቷል ማለት ነው።

ሐረር ላይ እንዲያውም ነገሩ የተገለበጠ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የተመዘገበው ጁገል 82 መስጊዶችና 102 አዋች (የወልዮች መቃብርና መታሰቢያ) ይዟል። አዋች መዘየር (መጎብኘት)፣ መውሊድ፣ ዚክሪ፣ ከስድስቱ የሸዋል ጾም በኋላ የሚከበረው ሹዋሊድ (እሱም እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ ተመዝግቧል)፣ እነዚህ ሁሉ የነባሩ ወገን ናቸው። ከሌላ እምነት ጎረቤት ጋር በመቻቻል ስሙ የሚነሳውም ይኸው ወገን ነው። ዚያራው ይቅር የሚለው ደግሞ ራሱን የለውጥ ሰው አድርጎ ያያል። ስለዚህ አንድ ሰው «ለውጥ» ሲል ከምን ወደ ምን እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል።

«የፊቅህ (የሃይማኖት ሕግ) ኪታብ አይነካም፤ የኢጅቲሃድ (ከማስረጃ ብያኔ የማውጣት) በር ተዘግቷል።»

ሐረር የሻፊዒ መዝሀብ (የፊቅህ መንገድ) አገር ናት። መዝሀቡን የመሠረቱት ኢማም ሻፊዒ (እ.ኤ.አ. በ820 ያረፉት) ራሳቸው ኢራቅ ሳሉ የሰጡትን ብዙ ብያኔ ግብፅ ከገቡ በኋላ ለውጠውታል። የፊተኛው «ቀዲም»፣ የኋለኛው «ጀዲድ» ይባላል። ይህ ሚስጥር አይደለም፤ የመዝሀቡን የፊቅህ ኪታብ፣ የኢማም ነወዊን «ሚንሃጅ»፣ የከፈተ ደረሳ (ተማሪ) መግቢያው ላይ ያገኘዋል።

ነወዊ ለእያንዳንዱ ልዩነት ምልክት ሰጥተዋል። የኢማሙ ሁለት ቃሎች ተፋጥጠው ተቃራኒውም ጠንካራ ከሆነ የተመረጠውን «አል-አዝሀር» ይሉታል፤ ተቃራኒው ደካማ ከሆነ «አል-መሽሁር»። ልዩነቱ በተማሪዎቻቸው መካከል ሲሆን «አል-አሰሕ» ወይም «አስ-ሰሒሕ» ነው። «ቂለ» ያሉት ደካማ አስተያየት ነው።

የመግሪብን ሰዓት እንውሰድ። በጀዲዱ ወቅቱ አጭር ነው፦ ውዱእ ለማድረግ፣ ለመልበስ፣ ለአዛን፣ ለኢቃማና ለአምስት ረከዓ የሚበቃ ብቻ። በቀዲሙ ግን ቀዩ ወጋገን እስኪጠፋ ይቆያል። ነወዊ እዚያው ላይ «እኔ እላለሁ፦ ቀዲሙ ነው አዝሀር» ብለው የኢማማቸውን የኋለኛ ቃል ትተው የፊተኛውን መረጡ። በመዝሀቡ ውስጥ ሆኖ ማመዛዘን ማለት ይኸው ነው።

የሚበላሸው የት ነው? አንዱ ከሞባይል ላይ «ቂለ» ያለውን መስመር ቆርጦ «መዝሀባችን ይህ ነው» ይላል። ሌላው ምልክቶቹን ሳይማር «ኪታቡን ተዉት፣ ሐዲሱን በቀጥታ እናንብብ» ይላል። ሁለቱም ጋ የጎደለው አንድ ነው፦ ከሼህ ፊት ቁጭ ብሎ መቅራት (መማር)።

«አህባሽ አዲስ ሃይማኖት ነው» ወይም «አህባሽ የለዘብተኝነት ማሳያ ነው።»

ሁለቱም አያስኬድም። አህባሽ የሚባለው የሼህ ዐብዱላሂ አል-ሀረሪ እንቅስቃሴ ነው። ሼሁ ሐረር ተወልደው፣ እዚሁ ተምረው፣ ከአገር ከወጡ በኋላ ቤይሩት ኖረው እ.ኤ.አ. በ2008 እዚያው አረፉ። በፊቅህ ሻፊዒ፣ በዐቂዳ (በእምነት ትምህርት) አሽዐሪ፣ በጠሪቃ (በሱፊ መንገድ) ሪፋዒ ነበሩ፤ በአገራችን ነባር ዑለማ ዘንድ ከነዚህ አንዱም እንግዳ አይደለም። በሌላ በኩል እንቅስቃሴያቸው የጥንቱን ሊቅ ኢብን ተይሚያንና ግብፃዊውን ጸሐፊ ሰይድ ቁጥብን በመሳሰሉ ሰዎች ላይ በተክፊር (ካፊር ናቸው በማለት) ቃል ይታወቃል። ወሃቢያን (የኢብን ዐብዱልወሃብን መንገድ) መቃወም ብቻውን ሰውን ለዘብተኛ አያደርግም።

በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. መጅሊሱ (የእስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት) በመንግሥት ድጋፍ ለኢማሞች ይህንን ትምህርት በሥልጠና መልክ ሲሰጥ ተቃውሞው «ድምፃችን ይሰማ» የተባለ እንቅስቃሴ ሆኖ ገነፈለ። ተቃዋሚውን ሁሉ ሰለፊ (የወሃቢያ ወገን) ማለትም ስህተት ነው፤ የሱፊ ቤተሰብ ልጆችም ነበሩበት። ጥያቄው መንግሥት ዐቂዳ አይምረጥልን፣ የመጅሊስ ምርጫም በቀበሌ ሳይሆን በመስጊድ ይሁን የሚል ነበር። ለእኛ የሚታየን ትምህርት ይህ ነው፦ ልዝብ ቃል እንኳ የባለሥልጣን ማኅተም ሲያርፍበት ሰሚ ያጣል።

«ለዘብተኛ ማለት በሰላቱና በጾሙ የሚዘናጋ ነው።»

አይደለም። አንድ ሰው ተሀጁድ (የሌሊት ሰላት) ሳይቀር ሊሰግድ፣ ሰኞና ሐሙስ ሊጾም፣ ነገር ግን ሌላውን ከእስልምና ለማስወጣት አንደበቱ ሊከብደው ይችላል። የሚለካው በዚህ ነው።

«ዑለማዎቹ በአክራሪዎች ላይ ዝም ብለዋል።»

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውና በቀጣዩ ዓመት ወደ 200 በሚጠጉ ዑለማ የጸደቀው የዐማን (የዮርዳኖስ ዋና ከተማ) መልእክት ስምንት መዝሀቦችን እውቅና ሰጥቶ ተከታዮቻቸውን ካፊር ማለትን ከልክሏል፤ ፈትዋ ለመስጠትም ብቃት ያስፈልጋል ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከ120 በላይ ዑለማ ለአይሲስ መሪ ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው በማስረጃ ሞግተውታል። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 የማራከሽ መግለጫ በሙስሊም አገሮች የሚኖሩ የሌላ እምነት ተከታዮችን መብት አንስቷል። ዝምታ አልነበረም። ችግሩ ጽሑፎቹ ረጅምና ደረቅ መሆናቸው፣ ከጉባኤ አዳራሽ ወጥተው በጁምዓ ኹጥባ (ስብከት) በሕዝቡ ቋንቋ አለመነበባቸው ነው። ለዚያ ኢማሙ ከአንድ መግለጫ አንድ ነጥብ መርጦ፣ በአስር ደቂቃ ከነማስረጃው ቢያብራራ ይበቃል።

«የሴት ልጅ ግርዛት የሃይማኖት ትእዛዝ ነው» / «ከሃይማኖት ጋር ምንም አያገናኘውም።»

የሻፊዒ ኪታቦች ግዴታ የሚል ቃል አላቸው፤ ይህንን የሚክድ አስተማሪ ኪታብ በሚያውቁ አባቶች ፊት ወዲያው ይረታል። መነሳት ያለበት ከማስረጃው ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰውን የኡሙ ዐጢያ ሐዲስ የዘገቡት አቡ ዳዉድ ራሳቸው ደካማ ብለውታል። መስፋትን፣ «ፈርዖኒ» የሚባለውን፣ የሚፈቅድ መዝሀብ የለም። የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ዐሊ ጁሙዓ እ.ኤ.አ. በ2007 ድርጊቱ የተከለከለ ነው ብለዋል።

በምሥራቁ አካባቢ የሚታየው አደጋ ቤተሰብ መስፋቱን ትቶ «ሱና» ወደሚለው ቀለል ያለ መቁረጥ መዞሩና ተፈቅዷል ብሎ ማሰቡ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ሁለቱንም ይቀጣል፦ አንቀጽ 565 ለመግረዝ ከሦስት ወር የማያንስ እስራት ወይም ከ500 ብር የማያንስ መቀጮ፣ አንቀጽ 566 ለመስፋት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት።

«ሸሪዓ ፍርድ ቤት ማለት እጅ መቁረጥ ነው፤ ሙስሊም ሁሉ እዚያ ይገደዳል።»

የወንጀል ጉዳይ እዚያ አይታይም። በፌዴራል አዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት የሚታዩት ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ የልጅ ሞግዚትነት፣ ወቅፍ (ለሃይማኖት የተሰጠ ንብረት)፣ ስጦታና ውርስ ናቸው፤ መነሻውም የሁለቱ ወገን ፈቃድ ነው። ተከራካሪው አልፈልግም ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። አንዴ ከተስማሙ በኋላ ግን መሀል ላይ ጥሎ ወደ መደበኛው መዞር አይቻልም።

ብዙ ሴቶች የሚጎዱት በመጥሪያው ነው። መጥሪያ በአግባቡ ደርሷት ያልቀረበች እንደተስማማች ተቆጥራ ጉዳዩ በሌለችበት ይታያል። ስለዚህ ሸሪዓውን የማትፈልግ ሴት መጥሪያውን መሳቢያ ውስጥ ከምትከት በቀጠሮው ቀን ቀርባ «አልተስማማሁም» ብላ ማስመዝገብ አለባት።