የዕቅድ ዑደት፦ የግል ግብን በዙር መያዝ

የዕቅድ ዑደት የሚባለው አንድን ግብ በተወሰነ ጊዜ ከፋፍሎ መያዝ፣ በየክፍሉ መጨረሻ ዕቅድና ክንውንን ማስተያየት፣ ከዚያም ቀጣዩን ዙር በታየው ነገር አስተካክሎ መጀመር ነው። ዙሩ ዓመት፣ ሦስት ወር፣ ወር፣ ሳምንት ወይም ቀን ሊሆን ይችላል። ብዙዎቻችን ዕቅድ የምናወጣው በዓመት አንዴ ነው። ደብተር ላይ እንጽፈዋለን፣ ከዚያ ደብተሩ ይዘጋል። በዑደት የሚያቅድ ሰው ግን ደብተሩን መልሶ የሚከፍትበት ቀን አለው።

ሐሳቡ መጀመሪያ የታሰበው ለፋብሪካ ምርት ነበር። አሜሪካዊው የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ ዋልተር ሹሀርት እ.ኤ.አ. በ1939 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) ምን እንደሚመረት መወሰንን፣ ማምረትንና መፈተሽን እንደ ክብ አድርጎ አቀረበ። የፍተሻው ውጤት ተመልሶ የመጀመሪያውን ውሳኔ ያርማል ማለት ነው። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ኤድዋርድስ ዴሚንግ በ1950 ጃፓን ውስጥ አስተማረው፤ እዚያም «አቅድ፣ ፈጽም፣ ፈትሽ፣ አስተካክል» የሚል መልክ ያዘ። በኋላ አንዲ ግሮቭ በሚመራው የኮምፒውተር ቺፕ አምራች በኢንቴል ግብንና የሚለካ ውጤትን አጣምሮ የሚያስኬድ አሠራር ዘረጋ፤ በኢንቴል የሠራው ባለሀብቱ ጆን ዶር ደግሞ በ1999 ለጉግል አስተዋወቀው። ዛሬ ብዙ ሰዎች የግል ግባቸውን በሦስት በሦስት ወር ሲይዙ የሥራ ቦታን ልማድ ወደ ቤት እያመጡ ነው።

ዑደት ለምን አስፈለገ? ጊዜ ስንገምት ስለምንሳሳት። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 ስለዚህ ስህተት ጽፈዋል። ሰው ያለፈ ልምዱ ሌላ እየነገረው፣ የአሁኑን ሥራ ግን ቶሎ እጨርሳለሁ ብሎ ያምናል። በ1994 የወጣ ጥናት ነገሩን በቁጥር አሳየ። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን አሉ። የፈጀባቸው ከ55 ቀን በላይ ነበር። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ቁጥር ነው። «ሁሉም ነገር ቢበላሽስ?» ተብለው ሲጠየቁ 49 ቀን ገደማ ነበር ያሉት። የከፋውን አስበው እንኳ እውነቱ ላይ አልደረሱም።

ዑደት ይህን ስህተት አያጠፋውም፤ ቶሎ እንዲታይ ያደርገዋል እንጂ። የዓመት ዕቅድ መሳሳቱ የሚታወቀው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። የሳምንቱ ግን በሰባተኛው ቀን ይታወቃል፤ ለማስተካከልም ጊዜ ይተርፋል።

ግብን መቆራረስ ሌላም ጥቅም አለው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አልበርት ባንዱራና ዴል ሹንክ በ1981 ባወጡት ጥናት ሒሳብ የሚከብዳቸውን ልጆች በቡድን ከፈሉ። አንዱ ቡድን በሰባት ክፍለ ጊዜ 42 ገጽ እንዲጨርስ ተነገረው። ሌላው በየክፍለ ጊዜው ስድስት ገጽ። ስድስት ሲባዛ በሰባት ያው 42 ነው። ሆኖም የቅርብ ግብ የያዙት ልጆች በችሎታም፣ በራስ መተማመንም፣ ለሒሳብ ባላቸው ፍላጎትም በልጠው ተገኙ።

ታዲያ ሁሉንም ነገር በቀን በቀን መሸንሸን ይሻላል ወይ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በዚያው በ1981 ዳንኤል ኪርሸንባምና ባልደረቦቹ የጥናት ልማዳቸውን ማሻሻል የፈለጉ የኮሌጅ ተማሪዎችን ተከታተሉ። ከፊሎቹ የቀን፣ ከፊሎቹ የወር ዕቅድ አወጡ። የተሻለ የሆነላቸው የወር አቃጆቹ ናቸው። ምክንያቱ አይከብድም። የቀን ዕቅድ አንድ ያልታሰበ እንግዳ ወይም አንድ የራስ ምታት ያፈርሰዋል። ሦስት ቀን ተከታትሎ ከፈረሰ ደግሞ ሰውየው «በቃ፣ አልሆነልኝም» ይላል። በእኔ እምነት ለግል ግብ ዋናው ዙር ሳምንት ነው። ማክሰኞ ያልተሠራው ሐሙስ ሊሠራ ይችላል። ሦስት ወሩ አቅጣጫ ያሲዛል፣ ሳምንቱ ያሠራል፤ ቀኑ ላይ አንድ ሁለት ነገር መምረጥ ይበቃል።

የዙሩ ርዝመት ግን በግቡ ዓይነትም ይወሰናል። መለኪያው ግቡ ምን ያህል ቶሎ ምላሽ ይሰጣል የሚለው ነው። ገንዘብ የሚቆጥብ ሰው ውጤቱን በየወሩ ያየዋል። አዲስ ቋንቋ የሚማር ሰው ግን በሁለት ሳምንት ለውጥ ቢፈልግ አያገኝም። ለእሱ የአጭሩ ዙር መለኪያ «ስንት ቀን ተለማመድኩ?» ነው፤ «ምን ያህል ቻልኩ?» የሚለው ለሦስት ወሩ ይቆይ። ልማድም እንደዚሁ ነው። በ21 ቀን ይገነባል ሲባል እንሰማለን። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ለንደን ውስጥ ያደረጉት ጥናት ግን በአማካይ 66 ቀን፣ እንደ ሰውና እንደ ልማዱ ከ18 እስከ 254 ቀን ገምቷል። በአንድ ወር ተስፋ የቆረጠ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል።

የዑደቱ ልብ ግምገማው ነው። በ2016 የወጣ የ138 ጥናቶች ማጠቃለያ፣ የግብን ሂደት መከታተል ግቡ ላይ ለመድረስ እንደሚረዳ አረጋግጧል፤ በተለይ ክትትሉ በጽሑፍ ሲያዝ ወይም ለሌላ ሰው ሲነገር። ለሳምንት ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ምን አልኩ፣ ምን አደረግሁ፣ ምን አገደኝ? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሰው ራሱን መውቀስ ይወዳል። «ሰነፍኩ» ብሎ ያልፈዋል። ይህ መልስ ለቀጣዩ ሳምንት ምንም አይሰጥም። «ከሥራ ደክሞኝ ስገባ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ» የሚለው ግን የሚያዝ ነገር አለው።

የተያዘውን እንቅፋት ወደ ዕቅድ መቀየሪያ መንገድም አለ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ጎልዊትዘር «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚለውን የዕቅድ ዓይነት ለዓመታት አጥንቷል። ከላይ ላለው ሰው «ቤት ስገባ ስልኬን በር ላይ አስቀምጬ ደብተሬን እከፍታለሁ» እንደ ማለት ነው። እሱና ባልደረባው ፓስካል ሺራን በ2006 ባወጡት ጽሑፍ 94 ሙከራዎችን አሰባስበው ሲመለከቱ፣ ይህ ዓይነቱ ዕቅድ ከምኞት ብቻ በተሻለ ለፍጻሜ እንደሚያበቃ አገኙ።

ዙር ሲሰበርስ? አብዛኛው ሰው ያልተሠራውን ሁሉ በቀጣዩ ሳምንት ላይ ይጭናል። ከዚያ ሁለቱም ሳምንት ይወድቃሉ። ውዝፉን መቀነስ ይሻላል፤ ያለፈውን ትቶ በተለመደው ልክ መቀጠል። የለንደኑ ጥናትም አንድ ቀን መዝለል የልማዱን ግንባታ ያን ያህል እንደማይጎዳው አሳይቷል። ግቡ ራሱ ለሁለትና ሦስት ዙር ካልተነካ ደግሞ ግምገማው ላይ በግልጽ ይነሳ። አሁንም እፈልገዋለሁ ወይ? መልሱ «አልፈልግም» ከሆነ፣ ምክንያቱን ጽፎ ግቡን መሰረዝም የግምገማው አንድ ውጤት ነው።