የማጠናቀቂያ ፕሮጀክት፦ ተማሪው ጥያቄውን ራሱ የሚያወጣበት ሥራ

አንድ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርስ ድረስ የሚመልሰው ሌላ ሰው ያወጣውን ጥያቄ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ማብቂያ ላይ በሚሠራው የማጠናቀቂያ ፕሮጀክት ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጥያቄውን የሚያወጣው ራሱ ተማሪው ነው። ርዕስ ይመርጣል፣ ፕሮፖዛል ይጽፋል፣ ለወራት ይሠራል፣ በመጨረሻም ሰው ፊት ቆሞ ሥራውን ያስረዳል። አስተማሪ ከጎኑ አለ፤ ሥራው ግን ማማከር እንጂ ማስተማር አይደለም።

ስሙና መልኩ እንደየአገሩ ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ «ሲኒየር ፕሮጀክት» ወይም «ካፕስቶን» ይሉታል፤ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ያለ እሱ አያስመርቁም፣ ሌሎች ደግሞ ለፈለገ ብቻ ይሰጡታል። እንግሊዝ ውስጥ በአጭሩ «ኢፒኪው» የሚባል ሲሆን ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከሚወሰዱት የኤ-ሌቭል ትምህርቶች የአንዱን ግማሽ ክብደት ይይዛል። በኔዘርላንድስ ለቅድመ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የ80 ሰዓት ሥራ ተብሎ ይታሰባል። የስዊዘርላንድ ተማሪም ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃውን ማቱራ ለማግኘት የራሱን ሥራ ሠርቶ ማቅረብ አለበት። በብዙ አገሮች የሚሰጠው አይቢ የተባለ ዓለም አቀፍ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ደግሞ እስከ 4,000 ቃላት የሚደርስ የጥናት ጽሑፍ ይጠይቃል። በዚህ ጽሑፍ የመጨረሻውን ዝቅተኛ ውጤት ያገኘ ተማሪ በሌላው ትምህርት ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ዲፕሎማውን አያገኝም።

ሐሳቡ የቆየ ነው። የትምህርት ፈላስፋው የጆን ዴዊ ተማሪ የነበረው አሜሪካዊው ዊልያም ኪልፓትሪክ፣ ልጆች ከልባቸው በሚፈልጉት ሥራ ዙሪያ እንዲማሩ የሚጠይቀውን «የፕሮጀክት ዘዴ» እ.ኤ.አ. በ1918 በጽሑፍ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ቴዎዶር ሳይዘር የመሠረተው የትምህርት ቤቶች ኅብረት አንድ ጠንከር ያለ አቋም ያዘ፤ ተማሪ መመረቅ ያለበት ክፍል ውስጥ በቆየበት ዓመት ሳይሆን የሚያውቀውን በአደባባይ ሲያሳይ ነው አለ። ዛሬ ተማሪዎች በዓመቱ መጨረሻ ሥራቸውን ለታዳሚ የሚያቀርቡበት ልማድ ብዙውን ያገኘው ከዚህ አስተሳሰብ ነው።

የፕሮጀክቱ ዕጣ የሚወሰነው መጀመሪያ ላይ ነው። ጥያቄው ላይ። አብዛኛው ተማሪ የሚጀምረው ከሰፊ ርዕስ ነው፤ «ስልክ በወጣቶች ላይ ያለው ተጽዕኖ» ይላል። ይህ ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ከዚህ ተነስቶ ቢሠራ የሚያገኘው ከየቦታው የተለቃቀመ መረጃ ብቻ ነው። አሁን ጠበብ እናድርገው፦ «የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ለሁለት ሳምንት ስልካቸውን ከመኝታ ክፍላቸው ውጭ ቢያሳድሩ የሚተኙበት ሰዓት ይቀየራል?» ይሄኛው በአንድ ተማሪ አቅም የሚሞከር ነው። ምን እንደሚለካ ይታወቃል፣ ማንን እንደሚጠይቅ ይታወቃል፣ መቼ እንደሚያልቅም ይታወቃል። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመድረስ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ተማሪው በእነዚያ ሳምንታት ምንም የሠራ አይመስለውም፤ ከዓመቱ ሁሉ ብዙ የሚሠራው ግን ያኔ ነው። ወላጆችም አስተማሪዎችም እዚህ ላይ ባያጣድፉት እመኛለሁ።

ፕሮጀክት ሁሉ ጥናት መሆን የለበትም። ወንበር የሚሠራ፣ አጭር ተውኔት የሚያዘጋጅ፣ መተግበሪያ የሚጽፍ ተማሪም አለ። በኢፒኪው ሕግ እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ ያቀረበ ተማሪ ከሥራው ጋር አጠር ያለ ሪፖርት ያያይዛል። ለሁሉም የሚሠራ አንድ መለኪያ አለ፦ ሥራው ተማሪውን አሁን ከሚያውቀው አልፎ መውሰድ አለበት። ጊታር ለሚችል ልጅ አንድ ዘፈን መጫወት ፕሮጀክት አይሆንም። ጊታሩን ከባዶ እንጨት መሥራት ግን ይሆናል።

አማካሪ ማለት ሥራውን የሚሠራ ሰው አይደለም። በአይቢ ደንብ አማካሪው አስተያየት የሚሰጠው በአንድ ሙሉ ረቂቅ ላይ ብቻ ነው፤ ጽሑፉን ማረምም አይፈቀድለትም። ጥብቅ ይመስላል፤ ግን ልክ ነው። ጎበዝ አማካሪ መልስ ከመስጠት ይልቅ «ይህን በምን አወቅሽ?» እያለ ይጠይቃል። ተማሪዋ ስትጠፋም ይፈልጋታል። የጠፋ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሰነፍ አይደለም፤ አንድ ቦታ ተጣብቆ ለመናገር ያፈረ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ማስታወሻ ነው። ዛሬ ምን ሠራሁ፣ ምን አልሆነልኝም፣ ለምን ሐሳቤን ቀየርኩ? ብዙዎች ይህን ይንቁና በመጨረሻው ሳምንት ከአእምሯቸው እያወጡ ይሞሉታል። ይታወቅባቸዋል። ደግሞም ይጎዳቸዋል። የእንግሊዙ ኤኪውኤ የፈተና ቦርድ ለኢፒኪው ከሚሰጠው 50 ነጥብ 20 የሚሰጠው ለሥራው አሠራርና ለውጤቱ ነው። የቀረው 30 ለእቅድና ለአመራር፣ ለመረጃ አጠቃቀም፣ እንዲሁም ሥራን መለስ ብሎ ለመገምገም እኩል በእኩል ይከፈላል። ስለዚህ ሙከራው ያልሰራለት ተማሪ ጥሩ ማስታወሻ ካለው ብዙ ነጥብ ያገኛል።

ሰው ያለበት ጥናት የራሱ ጥንቃቄ አለው። መጠይቅ ከመበተን በፊት ፈቃድ ይጠየቃል። ተሳታፊዎቹ ከ18 ዓመት በታች ከሆኑ የወላጅ ፈቃድም ሊያስፈልግ ይችላል። አይሴፍ የሚባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች የሳይንስና የምህንድስና ውድድር በሰዎች ላይ የሚደረግ ጥናት ገና ሳይጀመር በኮሚቴ እንዲታይ ያስገድዳል። ከጨረሱ በኋላ ፈቃድ መጠየቅ አይቻልም፤ የወራት ልፋት በዚህ ብቻ ውድቅ ሊሆን ይችላል። ቃለ መጠይቅ ላይ ለተመሠረተ ሥራ ደግሞ የአበው ምክር ይሠራል፦ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል። ቀጠሮ የሰጠ ባለሙያ ስልክ ሳያነሳ ሊቀር ይችላልና።

ስለ ፍትሕም መነሳት አለበት። ወላጁ ሐኪም የሆነ ልጅ ላቦራቶሪ ለመግባት አንድ የስልክ ጥሪ ይበቃዋል። ከትምህርት በኋላ ሥራ የሚገባ ወይም ታናናሾቹን የሚጠብቅ ልጅ ግን ጊዜውም ሰውም የለውም። ትምህርት ቤቱ በክፍለ ጊዜ ውስጥ ለፕሮጀክቱ ሰዓት ካልመደበና አማካሪ ካልፈለገለት ውጤቱ የሚለካው የቤተሰቡን አቅም ነው። ይህ የማጠናቀቂያ ፕሮጀክት ትልቁ ድክመት ይመስለኛል። መፍትሔውም ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ብዙ ነገር ይለውጣል።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ከመጣ ወዲህ ወረቀቱ ብቻውን ብዙ አያሳይም። ስለዚህ የቃል ማብራሪያው ይበልጥ ያስፈልጋል። ኤፒ ሪሰርች በሚባለው የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ የምርምር ትምህርት ከ4,000 እስከ 5,000 ቃላት ያለው ጽሑፍ 75 በመቶ ሲይዝ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚወስደው ፕሬዘንቴሽንና ጥያቄና መልስ 25 በመቶ ይይዛል። ኢፒኪውም የቃል አቀራረብ አለው። አይቢ ላይ ተማሪው በመጨረሻ ከአማካሪው ጋር አጭር ቃለ ምልልስ ያደርጋል።

በቃል ማብራሪያው ላይ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ከባድ አይደለም። «ይህን ዘዴ ለምን መረጥክ?» «ቁጥሩ ከጠበቅከው ለምን ራቀ?» «እንደገና ብትጀምረው ምን ትለውጣለህ?» ሥራውን ሌላ ሰው የሠራለት ተማሪ ሦስተኛው ላይ ዝም ይላል። ራሱ የለፋበት ግን ጥያቄው ሳያልቅ መልስ ይጀምራል።